ሴቶች በካንትሪ ሙዚቃ ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት የአሜሪካን ካንትሪ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሁሉ የሚመለሱት ወደ አንድ ጉዳይ ነው፦ ሴቶች ከዚህ ሙዚቃ መሥራቾች መካከል ነበሩ፤ ሲጠብባቸው የኖረው በሩ እንጂ ችሎታቸው አልነበረም። መድረኩን ማን ይመራል፣ የማን ዘፈን በሬዲዮ ይሰማል፣ ዘፈኑ በማን ስም ይመዘገባል የሚሉት ጥያቄዎች የተወሰኑት ብዙ ጊዜ ሴቶች በሌሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴቶች ካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ የገቡት መቼ ነው?

ይህ ሙዚቃ በሸክላ ከመቀረጹ በፊትም ነበሩ። ከብሪታንያ ደሴቶች የመጡ ሰፋሪዎች በምሥራቅ አሜሪካ ወደሚገኙት የአፓላቺያ ተራሮች ይዘዋቸው የመጡትን ረጃጅም የትረካ ዘፈኖች ከትውልድ ወደ ትውልድ በማሻገር ረገድ የሴቶቹ ድርሻ ትልቅ ነበር፤ የሚዘፍኑትም ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ያለ መሣሪያ፣ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። እንግሊዛዊው የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ሴሲል ሻርፕ ከ1916 እስከ 1918 ከረዳቱ ከሞድ ካርፔልስ ጋር በእነዚያ ተራሮች ሲዘዋወር፣ ጄን ሂክስ ጄንትሪ ከተባለች የሰሜን ካሮላይና ነዋሪ ብቻ ከ60 በላይ ዘፈኖችን መዝግቧል። ፊድል (የገጠር ቫዮሊን) ወይም ባንጆ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ አንግቶ በየጭፈራው ቦታ መዞር ግን የወንድ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ መጠጥና ጠብ የማይጠፋበት ቦታ ለጨዋ ሴት አይገባም ይባል ስለነበር።

ያም ሆኖ በ1923 አትላንታ ላይ የተቀረጸው የፊድሊን ጆን ካርሰን ሸክላ ለገጠሩ ሙዚቃ ገበያ በከፈተ በዓመቱ፣ ሳማንታ ባምጋርነርና ኢቫ ዴቪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ለኮሎምቢያ ኩባንያ ተቀርጸዋል። ባምጋርነር ባንጆም ፊድልም ትጫወት ነበር። «ሴቶች ዘግይተው መጡ» የሚለው አባባል ታሪኩን አይገልጸውም።

የካርተር ቤተሰብ ስም ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

የቪክቶር ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ራልፍ ፒር በ1927 በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ በምትገኘው በብሪስቶል ከተማ ጊዜያዊ ስቱዲዮ ከፍቶ የአካባቢውን ሙዚቀኞች ሲቀርጽ፣ ከቨርጂኒያ ገጠር በመኪና ሦስት ሰዎች መጡ። እነሱም ኤ.ፒ. ካርተር፣ ባለቤቱ ሳራ፣ እንዲሁም የሳራ የአጎት ልጅ የሆነችውና የኤ.ፒ.ን ወንድም ያገባችው ሜይቤል ነበሩ። ሜይቤል ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ ነፍሰ ጡርም ስለነበረች የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በቀጣዩ ወር ነው። ሳራ ደግሞ የመጣችው ሕፃን ልጇን ይዛ ነበር።

የዚህን ቡድን ድምፅ ድምፅ ያደረጉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። መሪ ድምፃዊቷ ሳራ ስትሆን ኦቶሃርፕ የተባለ ባለ ክር መሣሪያም ትጫወት ነበር። ሜይቤል ጊታሩን የያዘችበት መንገድ ግን ለብቻው መነገር አለበት። በዚያን ጊዜ በገጠር ባንዶች ውስጥ ጊታር በአብዛኛው ምት ለመጠበቅ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ዜማውን የሚመሩት ፊድልና ባንጆ ነበሩ። ሜይቤል በአውራ ጣቷ ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እያወጣች፣ በዚያው ቅጽበት በሌሎቹ ጣቶቿ ቀጫጭኖቹን ክሮች እየገረፈች ምቱን ትጠብቃለች፤ ሳያዩ የሚሰማ ሰው ሁለት ጊታር ያለ ይመስለዋል። ይህ አጨዋወት እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ካንትሪና ፎክ ጊታር የተማረ ሰው ሁሉ በሆነ ደረጃ ያልፍበታል። በሌላ አነጋገር የካንትሪ ጊታር አባት እየተባለ የሚፈለገው ሰው እናት ሆና ትገኛለች።

የዚያ ቀረጻ ሁለተኛ ቀን፣ ኦገስት 2፣ ኤ.ፒ. አልተገኘም ነበር። ያን ቀን ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ከቀረጹት አንዱ «ሲንግል ገርል፣ ማሪድ ገርል» የሚለው ዘፈን ሲሆን፣ ያላገባችው ሴት እንዳሻት ለብሳ ስትወጣ ያገባችው ልጅ ታቅፋ ቤት እንደምትቀር ጎን ለጎን እያስቀመጠ ያሳያል። ሳራ ዘፈኑን ስላልወደደችው የዘፈነችው በፒር ግፊት ነበር፤ ሸክላው ከወጣ በኋላ ግን ከቡድኑ የመጀመሪያ ሥራዎች እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ። የካንትሪ ሙዚቃ መዛግብት ሲከፈቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች የትዳርን ሸክም የሚናገር የሴት ድምፅ አለ ማለት ነው።

የቡድኑ ዘፈኖች በደራሲነት የተመዘገቡት በአብዛኛው በኤ.ፒ. ስም ነው፤ ብዙዎቹ እሱ ከየመንደሩ የሰበሰባቸው የሕዝብ ዘፈኖች ሲሆኑ፣ በዚህ ጉዞ ዜማ በመያዝ የረዳው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋችም ሆነ ሁለቱ ሴቶች በወረቀቱ ላይ ተገቢውን ቦታ አላገኙም። ሳራ በ1933 ከባለቤቷ ተለይታ በ1936 ተፋታች፤ ለአድማጩ ግን እንደ አንድ ቤተሰብ አብረው መዝፈናቸውን ለዓመታት ቀጠሉ፤ ሕዝቡ የሚወዳቸው «በቤተሰብነታቸው» ነበርና። ሜይቤል ከሦስት ሴቶች ልጆቿ ጋር አዲስ ቡድን አቋቁማ በ1950 በካንትሪ ሙዚቃ ማዕከሏ በናሽቪል ከተማ የሚቀርበው ታዋቂ የመድረክና የሬዲዮ ዝግጅት የግራንድ ኦል ኦፕሪ አባል ብትሆንም፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ዘመን ናሽቪል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሕሙማንን እያስታመመች ኖራለች። የአገሪቱን የጊታር አጨዋወት የለወጠች ሴት በዚህ መንገድ እንጀራዋን መፈለጓ ሲታሰብ ያሳዝናል።

በቀድሞው ዘመን ሴቶች መድረክ ላይ ምን ዓይነት ሚና ይሰጣቸው ነበር?

ሚስት፣ እህት፣ ልጅ፣ ወይም አስቂኝ የገጠር ሴት። አብሯት ባል ወይም ወንድም ያለ ሴት «ጨዋ» ስትባል፣ ብቻዋን በየከተማው የምትዞር ሴት ግን ትጠረጠር ነበር። በ1930ዎቹ ይህን ግድግዳ የሸነቆረው ሬዲዮ ነው። በቺካጎው የናሽናል ባርን ዳንስ ዝግጅት ትሳተፍ የነበረችው ሉሉ ቤል በ1936 በተካሄደ የአድማጮች ምርጫ የሬዲዮ ተወዳጇ ሴት ተብላ ተመርጣለች። በ1935 ፓትሲ ሞንታና የካውቦይ ፍቅረኛ መሆን እንደምትፈልግ የዘፈነችበት ሸክላ በሴት ካንትሪ ድምፃዊት የተሠራ፣ አንድ ሚሊዮን የተሸጠ የመጀመሪያው ሥራ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያ ዘፈን ውስጥ ልብ የሚባለው፣ ተራኪዋ የምትመኘው ቤት ተቀምጣ ካውቦይውን መጠበቅ ሳይሆን አብራው ፈረስ መጋለብና ከብት መንዳት መሆኑ ነው። ፊድል፣ ባንጆና ጊታር ራሳቸው የሚጫወቱት ኩን ክሪክ ገርልስ የተባሉት ሴቶች ደግሞ በ1939 በዋይት ሐውስ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ስድስተኛ ተጫውተዋል።

ከአስቂኞቹ መካከል ከ1940 ጀምሮ በኦፕሪ የቆየችው ሚኒ ፐርል አትረሳም። ከባርኔጣዋ ላይ የ1.98 ዶላር የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎ የሚታየው ያቺ ባል ፈላጊ የመንደር ሴት በእርግጥ ሳራ ኦፊሊያ ኮሊ የተባለች፣ የትያትር ትምህርት የተማረች ሴት ነበረች።

ኪቲ ዌልስ ማን ናት? ዘፈኗስ ለምን ታገደ?

በ1952 ሃንክ ቶምፕሰን የተባለ ድምፃዊ ትዳሯን ጥላ ወደ መጠጥ ቤት ሕይወት የተመለሰችን ሴት የሚወቅስ ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑም የዘፈኖች ተወዳጅነት ደረጃ በሚወጣበት የካንትሪ ሠንጠረዥ አናት ላይ ለ15 ሳምንታት ቆየ። ጄ.ዲ. ሚለር የተባለ የዘፈን ደራሲ ለዚህ መልስ ጻፈ፦ ሴቶችን ለዚያ ያበቋቸው ያገቡ ሆነው ሳለ ላጤ ነን የሚሉ ወንዶች ናቸው፤ ጥፋቱንም በእግዚአብሔር ማሳበብ አይገባም የሚል ነው መልእክቱ። ርዕሱ «የሆንኪ ቶንክ መላእክትን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም» እንደማለት ነው፤ ሆንኪ ቶንክ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሙዚቃና ጭፈራ ያለበት መጠጥ ቤት ነው።

ዘፈኑን የቀረጸችው ኪቲ ዌልስ የ32 ዓመት እናት ነበረች። ባለቤቷ ጆኒ ራይት ሙዚቀኛ ሲሆን፣ እሷ በእሱ ቡድን ውስጥ እየዘፈነች ዓመታት አሳልፋ ሙዚቃውን ትታ ቤቷ ለመቀመጥ እያሰበች ነበር። ወደ ስቱዲዮው የገባችው በሜይ 3 ቀን ሲሆን፣ ያጓጓት የቀረጻው ክፍያ 125 ዶላር እንጂ ዝና አልነበረም። የኤን.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ዘፈኑን አገደ፤ ኦፕሪም መጀመሪያ ላይ መድረኩ ላይ እንዳይዘፈን ከለከለ። አድማጩ ግን ሸክላውን ገዛ፤ ዘፈኑም በቢልቦርድ የካንትሪ ሠንጠረዥ ላይ ብቻዋን የምትዘፍን ሴት አንደኛ የወጣችበት የመጀመሪያው ሆኖ ስድስት ሳምንት ተቀመጠ።

የእገዳው ፍሬ ነገር መመርመር አለበት። ወንዱ ሴቲቱን ሲወቅስ ማንም አልከለከለውም፤ በአንድ ዓይነት ዜማ፣ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ሴቲቱ ስትመልስ ግን «ነውር» ሆነ። ዌልስ ደግሞ በአለባበሷም ሆነ በአኗኗሯ ጭምት፣ በትዳሯም እስከ ባለቤቷ ሞት የጸናች ሴት ነበረች። ማንም ሊነቅፋት የማይችል ሴት ያን ዘፈን በለሆሳስ፣ ያለ ቁጣ መዝፈኗ ነው ኃይል የሰጠው። ከእሷ በኋላ የናሽቪል ኩባንያዎች ሴት ድምፃዊት ትሸጣለች ብለው ማመን ጀመሩ፤ ሴቶችን ማስፈረምም ተለመደ።

ፓትሲ ክላይን ምን ለወጠች?

የሴት ድምፅ ከገጠሩ አልፎ ከተማውን መያዝ እንደሚችል አሳየች። የመጀመሪያ ውሏ የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆኑ ዘፈኖችን ብቻ እንድትዘፍን ስለሚያስገድዳት፣ በ1957 ከወጣው «ዎኪን አፍተር ሚድናይት» በቀር ለዓመታት የሚመጥናት ሥራ አላገኘችም። ከዚያ ውል ከወጣች በኋላ በ1961 ከፕሮዲዩሰሩ ከኦወን ብራድሊ ጋር «አይ ፎል ቱ ፒስስ»ን እና ዊሊ ኔልሰን የደረሰውን «ክሬዚ»ን ሠራች። ማርች 5 ቀን 1963 በአውሮፕላን አደጋ ስትሞት 30 ዓመቷ ነበር። በ1973 ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ በግሏ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። አዳራሹ አባላትን መመዝገብ የጀመረው በ1961 ስለሆነ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል።

ሎሬታ ሊን ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ዘፍናለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሎሬታ ሊን በ1932 በኬንታኪ በምትገኝ ቡቸር ሆሎው በምትባል መንደር ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ አባት ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ ተዳረች፤ ሃያዎቹን ስትጀምር የአራት ልጆች እናት ነበረች። የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1960 ሲወጣ ከባለቤቷ ጋር በመኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለሬዲዮ ጣቢያዎች በእጃቸው ያድሉ ነበር። ዘፈኖቿን በአብዛኛው ራሷ ትጽፍ ስለነበር፣ ሰክሮ ለሚገባ ባል፣ ባሏን ለምትከጅል ሴት፣ ከፍቺ በኋላ ሴትን ብቻ ለሚያማ መንደር የሰጠቻቸው መልሶች ሁሉ በቤት ውስጥ አነጋገር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚናገረው «ዘ ፒል» ሌሎች የደረሱት ነው። የተቀረጸው በ1972 ሲሆን ኩባንያው ለሦስት ዓመት ያህል ይዞት ቆይቶ በ1975 ወጣ። ተራኪዋ በየዓመቱ እያረገዘች ቤት ስትውል ባሏ ውጭ ይዝናና እንደነበር፣ አሁን ግን እንክብሉ በእጇ ስላለ ነገሩ እንደተለወጠ ትናገራለች። እንክብሉ በአሜሪካ ከተፈቀደ 15 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ብዙ ጣቢያዎች ግን ዘፈኑን አናጫውትም አሉ። እንዲያም ሆኖ በካንትሪ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ደርሷል። የገጠር ሐኪሞች ከሚያድሉት በራሪ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ዘፈን ስለ እንክብሉ ለሴቶች የበለጠ እንዳስረዳ እንደነገሯት ሎሬታ ተናግራለች። ይህ ጸሐፊ ከካንትሪ ዘፈኖች ሁሉ ለሕዝብ ጤና የቀረበ አገልግሎት የሰጠ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ሎሬታ ራሷን ከሴቶች መብት እንቅስቃሴ ጋር አጥብቃ አታያይዝም ነበር፤ ዘፈኖቿ ግን በስብሰባ አዳራሽ ያልተገኙ ሴቶች ማዕድ ቤታቸው ሆነው የሰሟቸው ናቸው። በ1972 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሰው ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2022 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም መጻፏን አልተወችም ነበር።

የታሚ ዋይኔት «ስታንድ ባይ ዩር ማን» ሴቶችን ዝቅ የሚያደርግ ዘፈን ነው?

በ1968 ከቢሊ ሸሪል ጋር የጻፈችው ይህ ዘፈን ሴት ባሏን እንድትታገሥና ከጎኑ እንድትቆም ስለሚመክር፣ የሴቶች እንቅስቃሴ በተቀጣጠለበት ዘመን ብዙ ተነቅፏል። ነቀፋው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ትዕግሥቱ ሁሉ ከሴቲቱ ይጠበቃልና። ነገር ግን በዚያው ዓመት ራሷ ዋይኔት የፍቺን ሕመም የሚናገር፣ እናት ልጇ እንዳይሰማ ቃሉን ፊደል በፊደል የምትናገርበትን ሌላ ዘፈን አውጥታ ነበር፤ እሷም በሕይወቷ አምስት ጊዜ አግብታለች። የፀጉር ሥራ ፈቃዷን ታዋቂ ከሆነች በኋላም በየጊዜው ታሳድስ እንደነበር ይታወቃል፤ ዝናው ቢከዳት ልጆቿን የምታበላበት ሙያ ነበርና። ዘፈኑን በዚህ ሕይወት ውስጥ አስቀምጦ ለሚሰማው ሰው ያ ድምፅ የሚያዝ አይደለም፤ የሚማጸን ነው። በጽሑፍ ሲነበብና በእሷ ድምፅ ሲሰማ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ዶሊ ፓርተን ለምን ከሌሎች ተለይታ ትነሳለች?

ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰሙ ያደጉ አንባቢዎች ድምፅዋን ያውቁታል። ብዙም የማይነገረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዶሊ በ1967 የፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት አባል ሆና ለሰባት ዓመት ያህል ሠራች። ተሰናብታ የራሷን መንገድ ለመጀመር ስትወስን በክብር የምትለይበትን ዘፈን ጻፈች፤ ይኸውም በ1974 ያወጣችው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው። በቁጥር አንድ የተቀመጠው ይህ ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊን ማረከው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ኤልቪስ እንዲዘፍነው ከተፈለገ የዘፈኑ የኅትመት መብት ግማሽ እንዲሰጠው ጠየቀ። ዶሊ እምቢ አለች፤ ያን ሌሊትም ስታለቅስ እንዳደረች ተናግራለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ስትዘፍነው በአሜሪካ ሠንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ የደራሲነቱም የኅትመቱም ገቢ ለዶሊ ገባ።

በዚያን ዘመን አንዲት የ28 ዓመት ሴት ለኤልቪስ ሰዎች እምቢ ማለቷ ከማንኛውም የመድረክ ድል ያነሰ አይደለም። ስለ ፀጉሯና ስለ አለባበሷ የተጻፈውን ያህል ስለዚህ ውሳኔዋ አለመጻፉ ያሳዝናል።

በካንትሪ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ጥቁር ሴቶች የት ነበሩ?

ባንጆ ራሱ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ የሆነ መሣሪያ ነው። ሆኖም የሸክላ ኩባንያዎች በ1920ዎቹ ገበያውን በዘር ከፍለው የነጮቹን «የገጠር ሙዚቃ»፣ የጥቁሮቹን ደግሞ «የዘር ሸክላ» ብለው ስለሸጡ፣ ጥቁር ሙዚቀኞች ከካንትሪ መዝገብ ውጭ ተደረጉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በሁለት በር ተዘጋባቸው። ሊንዳ ማርቴል በ1969 በኦፕሪ መድረክ በግሏ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስትሆን፣ በ1970 አንድ አልበም አውጥታ ብዙም ሳይቆይ ሙያው ተዘጋባት፤ መድረክ ላይ ቆማ ከተመልካች መካከል ስድብ ይወረወርባት እንደነበር ተናግራለች። ፖይንተር ሲስተርስ የተባሉት እህትማማቾች በ1974 በኦፕሪ ዘፍነው፣ በቀጣዩ ዓመት በካንትሪ ዘርፍ ግራሚ ወስደዋል።

አሊስ ራንዳል በ1994 ከሌላ ደራሲ ጋር የጻፈችው ዘፈን በትሪሻ ይርዉድ ድምፅ አንደኛ ሲወጣ፣ ካንትሪ ሠንጠረዡን የመራ ዘፈን የጻፈች ጥቁር ሴት ተገኘች። ትሬሲ ቻፕማን በ1988 ያወጣችው «ፋስት ካር» በ2023 በሉክ ኮምስ ተዘፍኖ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማት ሲያገኝ፣ ይህን ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ሆናለች። ቢዮንሴ በፌብሩዋሪ 2024 የካንትሪ ዘፈኖችን ሠንጠረዥ በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችበትን ዘፈን የሚከፍተው የሪያነን ጊደንስ ባንጆ ነው፤ በአልበሙም ውስጥ የሊንዳ ማርቴል ድምፅ ይሰማል። አልበሙ በ2025 የካንትሪንም የዓመቱንም ምርጥ አልበም ግራሚ አግኝቷል። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ግን በ2024 ሽልማቱ በአንድም ዘርፍ አላጨውም፤ ከሬዲዮና ከናሽቪል ተቋማት ጋር ያለው ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም።

ዛሬ በካንትሪ ሬዲዮ የሴቶች ዘፈን ለምን ያንሳል?

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነገሩ የተሻለ ይመስል ነበር። የሻናያ ትዌይን የ1997 አልበም በዓለም ዙሪያ ወደ 40 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል፤ ሪባ ማክኤንታየር፣ ትሪሻ ይርዉድና ማርቲና ማክብራይድም በየሳምንቱ ሬዲዮ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ጀመረ። በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ተመራማሪ ጄዳ ዋትሰን የሬዲዮ ሪፖርቶችን መርምራ እንዳሳየችው፣ በ2000 በካንትሪ ሬዲዮ የዓመቱ መዝገብ ከነበሩት ዘፈኖች ሲሶ ያህሉ የሴቶች ሲሆኑ፣ በ2018 ድርሻቸው ወደ አሥር በመቶ አካባቢ ወርዷል።

ምክንያቱ የአድማጭ ጥላቻ ነው የሚል ወገን አለ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የሚታየው የአሠራር ልማድ ነው። የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጆች ሁለት የሴት ዘፈኖችን አከታትሎ ማጫወት አድማጭ ያሸሻል የሚል ያልተጻፈ ሕግ ለዓመታት ሲቀባበሉ ኖረዋል። ዘፈን የሚመረጠው ለአድማጭ ተሰምቶ ነጥብ ሲያገኝ ነው፤ ነጥብ የሚያገኘው ሲለመድ ነው፤ የሚለመደው ሲጫወት ነው። ያልተጫወተ አይለመድም፤ ያልተለመደ ነጥብ አያገኝም፤ ነጥብ ያላገኘ አይጫወትም። ከዚያ አዘጋጁ ወረቀቱን አንሥቶ «ሕዝቡ አልፈለጋቸውም» ይላል። ኩባንያውም ሬዲዮ የማያጫውታትን ሴት አያስፈርምም።

በ2015 አንድ የሬዲዮ አማካሪ ይህን ልማድ በግልጽ ተናገረው። ጣቢያዎች ብዙ አድማጭ ከፈለጉ የሴቶችን ዘፈን እንዲቀንሱ መክሮ፣ ወንዶቹ የሰላጣው ቅጠል ሲሆኑ ሴቶቹ ጣል ጣል የሚደረግ ቲማቲም ናቸው አለ። ንግግሩ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ በዝግ ክፍል ሲነገር የኖረ ነገር አደባባይ ወጥቶ ሊሞገት ቻለ። ሲ.ኤም.ቲ. የተባለው የካንትሪ ቴሌቪዥን በጃንዋሪ 2020 የሙዚቃ ቪዲዮ ሰዓቱን ለወንዶችና ለሴቶች እኩል እንደሚያካፍል አስታወቀ። በሽልማቱ በኩል ደግሞ፣ ከ2011 በኋላ ሌኒ ዊልሰን በ2023 እስክታሸንፍ ድረስ የማኅበሩን የመድረክ ሰው ሽልማት ያገኘች ሴት አልነበረችም።

ዘ ቺክስ ላይ የደረሰው ምን ነበር?

በማርች 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ የሦስት ሴቶች ቡድን የሆነው የዘ ቺክስ መሪ ድምፃዊት ናታሊ ሜንስ ለንደን ላይ መድረክ ላይ ሆና ጦርነቱን እንደማይደግፉና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እንደ እነሱ የቴክሳስ ሰው በመሆኑ እንደሚያፍሩ ተናገረች። በዚያን ሰሞን ዘፈናቸው የካንትሪ ሠንጠረዥ መሪ ነበር። ጣቢያዎች በቀናት ውስጥ ዘፈኖቻቸውን አወረዱ፤ ሲዲዎቻቸው በአደባባይ ተደፈጠጡ፤ የግድያ ዛቻም ደረሰባቸው። በ2007 አምስት ግራሚ ቢያሸንፉም የካንትሪ ሬዲዮ እንደ ቀድሞው አልተመለሰላቸውም። ወንዶች የፖለቲካ አቋማቸውን ሲዘፍኑበት በኖሩበት ዘርፍ የተቀጡበት ፍጥነት ያስደነግጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴት ድምፃውያን ስለ ፖለቲካ ዝምታን የመረጡት የእነሱን ዕጣ ፈርተው እንደሆነ ደጋግመው ተናግረዋል።

ከመድረክ ጀርባስ?

ጆ ዎከር ሚዶር ከ1962 እስከ 1991 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን በዋና ሥራ አስኪያጅነት መርታለች። ፍራንሲስ ፕሬስተን የደራሲያንን ክፍያ የሚሰበስበው የቢ.ኤም.አይ. ፕሬዚዳንት ነበረች። የቴክሳሷ ሲንዲ ዎከር ለአሥርት ዓመታት ለታላላቅ ድምፃውያን ዘፈን ስትጽፍ ኖራ በ1997 ወደ ክብር አዳራሹ ገብታለች።

ለማዳመጥ ከየት ልጀምር?

ከሳራና ከሜይቤል የ1927 ቀረጻ ቢጀመር ይመረጣል፤ ድምፁ አሮጌ ስለሆነ በጆሮ ማዳመጫ፣ የሜይቤልን አውራ ጣት እየተከታተሉ መስማት ይጠቅማል። ቀጥሎ የሃንክ ቶምፕሰንንና የኪቲ ዌልስን ዘፈኖች አከታትሎ ማዳመጥ ነው፤ ዜማው አንድ ስለሆነ ክርክሩ በግልጽ ይሰማል። ከሎሬታ ሊን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የጻፈቻቸውን፣ ከዶሊ ፓርተን ደግሞ የ1970ዎቹ መጀመሪያ አልበሞቿን መምረጥ ይቻላል። የሊንዳ ማርቴል ብቸኛ አልበም በአሁኑ ጊዜ በኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሮች ይገኛል፤ ርዝመቱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ በአንድ ቁጭታ ይሰማል።